በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለው መኪና በእርግጥ ስንት ይሄዳል?

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ የቤንዚን መኪና ፈላጊ የሚያማርጠው ቀድሞ ከገቡት መካከል ሆኗል። ከነዚህም ውስጥ እንደ ቪታራና ራቭ ፎር ያሉት አነስተኛ የመስክ መኪኖች ይገኙበታል። ገዢ «በሊትር ስንት ይሄዳል?» ብሎ ሲጠይቅ ደላላው የሚጠራለት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው መግለጫ የመጣ ነው። ቁጥሩ ሐሰት ነው አይባልም። ይሁን እንጂ የተለካው በላቦራቶሪ እንጂ በመንገድ ላይ ባለመሆኑ የባለመኪናውን ወጪ አያሳይም።

ለምሳሌ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ለአውሮፓ ገበያ የቀረበው ባለ 1.6 ሊትር ቤንዚን ሞተርና ባለ ሙሉ ማርሽ ሱዙኪ ቪታራ፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳው ዓይነት፣ በመግለጫው 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 5.6 ሊትር ይበቃዋል። ይህም በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጊዜው ይሠራበት የነበረው የአውሮፓ ፈተና ግን 20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ 11 ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሸፍን፣ ኤሲ ሳይከፈት የሚካሄድ ነበር። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት (አይ.ሲ.ሲ.ቲ.) ባካሄደው ጥናት፣ አዳዲስ መኪኖች በመንገድ ላይ የሚፈጁት ነዳጅ በ2001 ከመግለጫው በአማካይ 9 በመቶ ይበልጥ የነበረ ሲሆን በ2015 ልዩነቱ 42 በመቶ ደርሶ ነበር። ከ2017 ጀምሮ ፈተናው ቢጠብቅም ልዩነቱ አልጠፋም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት በቤንዚን መኪኖች ላይ 23.7 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

ልዩነቱ በብር ሲሰላ

ቤንዚን በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በሊትር 47.83 ብር የነበረ ሲሆን በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ 101.47 ብር ገብቷል። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ከእጥፍ በላይ ጨመረ ማለት ነው። በዚሁ በ101.47 ብር ሂሳብ፣ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በመግለጫው መሠረት 840 ሊትር፣ ማለትም 85,235 ብር ያህል ይፈልጋል። የ42 በመቶው አማካይ ልዩነት ሲታከልበት ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 8 ሊትር፣ ዓመታዊ ወጪው ደግሞ ወደ 121,764 ብር ያድጋል። በከተማ መጨናነቅ ምክንያት 10 ሊትር ከደረሰ 152,205 ብር ይሆናል። ስለዚህ በሁለት መኪኖች መካከል ያለ የጥቂት አሥር ሺሕ ብር የዋጋ ልዩነት በአንድ ዓመት ነዳጅ ብቻ ሊዋጥ ይችላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያም በላይ ያጣል። ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ያለውን ዓይነት ዳገት ሲወጣ ሾፌሩ ቤንዚን አብዝቶ ይረግጣል፣ በዝቅተኛ ማርሽም ይቆያል። መንገድ ተዘግቶ መኪናው በሚኒሞ ሲቆም ደግሞ አንድም ሜትር ሳይሄድ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ሊያቃጥል ይችላል።

ምን ይቀንሰዋል?

ከሁሉ የሚበልጠው የአነዳድ ጠባይ ነው። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ መንጭቆ መነሳት፣ መፍጠንና ፍሬን አጥብቆ መያዝ መኪናው በአንድ ሊትር የሚሄደውን ርቀት ቆም ሄድ በሚባልበት መንገድ ከ10 እስከ 40 በመቶ ይቀንሰዋል። ከፊት ያለውን መኪና ርቀት ጠብቆ በእርጋታ የሚከተል ሾፌር ከ10 ሊትሩ አንዱን ቢያተርፍ በዓመት 15,220 ብር ያህል ይድናል። በአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድም ፍጥነትን ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ማሳደግ የነፋስን ግፊት በ44 በመቶ ያበዛዋል።

በጣሪያ ላይ ያለ ፖርቶመጋላና የተጫነበት ዕቃም ነፋስ እየገፋ ነዳጅ ስለሚያስበላ፣ በማያስፈልግበት ጊዜ ማውረድ ይበጃል። የጎማ ነፋስ በየወሩ ጎሚስታ ዘንድ ማስለካት ርካሽ ነው፤ የሚያተርፈው ግን ጥቂት በመቶ ብቻ መሆኑን ማወቅ ይገባል። በአንጻሩ በክሩስኮቶው ላይ የበራ የሞተር መብራት በቸልታ መታየት የለበትም። የኦክስጅን ሰንሰር ብልሽት ከሆነ፣ መጠገኑ ብቻ አንድ ሊትር የሚያስኬደውን ርቀት እስከ 40 በመቶ ሊያሻሽል እንደሚችል ይኸው መሥሪያ ቤት ይገልጻል።

ገንዘብ የሚባክንባቸውም ነገሮች አሉ። የአየር ፊልትሮ መለወጥ በካርቡራቶር ለሚሠራ አሮጌ ሞተር ይረዳል፤ በኢንጀክሽን ለሚሠራው ግን ጉልበቱን እንጂ ፍጆታውን አያሻሽልም። ነዳጅ ይቆጥባሉ ተብለው የሚሸጡ ልዩ ልዩ ዕቃዎችን በተመለከተም፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት 100 ያህሉን መርምሮ የረባ ጥቅም የሚሰጥ እምብዛም አላገኘም።

እውነተኛውን ፍጆታ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ታንኩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መመዝገብ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ በዚያው ማደያ እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር በተሄደው ኪሎ ሜትር ማካፈልና በ100 ማባዛት ነው። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ እንዲሸጥ በመደረጉ፣ ባለመኪናው በየጊዜው የከፈለውን ብር ከስልኩ ማግኘት ይችላል። ገዢም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይህን መዝገብ መጠየቅና የሞተሩን ኮድ በኮምፒውተር ማስነበብ ይኖርበታል። ሻጩ መዝገቡን ማሳየት ካልቻለ፣ «በሊትር 18» የተባለውን በ12 አስልቶ መደራደር ያዋጣል።