«የፈታኸው ሬዲዮኑን ነው ወይስ እኔን?»

ከሥራ መጥቶ ጫማውን ሳያወልቅ ካቻቢቴ የሚፈልግ ሰው ቤታችሁ አለ? ባል ይሁን እጮኛ፣ ወንድም ይሁን አከራይ፣ እንዲህ ያለ ሰው ያላችሁ አንባብያን የዛሬው ጽሑፌ ገና ከርዕሱ ይገባችኋል። ሰውየው የተበላሸ ነገር አይጥልም፤ ያልተበላሸውንም አይተውም። ሱቅ የለው፣ ንግድ ፈቃድ የለው፣ የሠራውን አይሸጥ! «ምን እያደረግህ ነው?» ሲሉት «እንዲሁ እየነካካሁ ነው» ይላል። ይቺ «እንዲሁ» የምትባል ቃል ስንቱን ቤት እንደምታናጋ የደረሰበት ያውቃል።

እኔ የማውቃቸው ነካኪዎች አምስት ናቸው። ከመርካቶ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ይሰበሰባሉ። ቤቷ የጋሼ ናት። ጋሼ ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ሌሎቹ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንድ የሒሳብ አስተማሪ፣ ፋርማሲ የምትሠራ አንዲት ልጅና አንድ የታክሲ ሾፌር ናቸው። ሾፌሩ ብዙ አያወራም፤ ጥግ ይዞ የሰፈሩን ሰው ቢላ ይስላል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት የውሃ ማፍያዬን ላሠራ ነበር። ማፍያው ከተሠራ ቆይቷል፤ እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም። ወሬው ነዋ! «ስማችንን ካላወጣሽ ጻፊ» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ።

የእነዚህ ሰዎች ሰላምታ «እንዴት ሰነበትክ?» አይደለም። «የት ደረሰ?» ነው።

«በርጩማውስ የት ደረሰ?»

«መቀመጫው ተሰነጠቀብኝ።»

«ባሕር ዛፍ ነው አይደል? እርጥቡን ገዝተህ ነዋ!»

ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት የእንጨት ወሬ ነው። አገሩ አውስትራሊያ የሆነው፣ በምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣት ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል እንጂ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ግን ለመላጊያ አያስቸግርም፤ ሲያልቅም ያምራል፤ ችግሩ ዋጋው ነው። ጋሼ የሚሉት አንድ ነገር ደግሞ አለ። የበርጩማው እግር በደንብ የደረቀ፣ መቀመጫው ግን ትንሽ እርጥበት ያለው ቢሆን፣ መቀመጫው እየደረቀ ሲሄድ ቀዳዳው ይጠብና እግሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል፤ ሚስማርም ኮላም አያስፈልግም። አስተማሪው ይህን ሲሰማ የሒሳብ ሰው ነውና የራሱን ጨመረ። «ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ምንም ቢሆን አይነቃነቅም። ጠብ የሚያመጣው አራተኛው እግር ነው።» ሁሉም ሳቁ። ያገቡት ግን ትንሽ ዘግይተው የሳቁ መሰለኝ።

የፋርማሲዋ ልጅ ደግሞ የባትሪ ሰው ናት። ከሞቱ ላፕቶፖች ውስጥ ባትሪ እያወጣች መብራት ሲጠፋ የምታበራው ፋኖስ ትሠራለች። ከእሷ እንደተማርኩት የላፕቶፕ ባትሪ «ሞተ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሁሉም አይሞትም። ውስጡ ጣት የሚያካክሉ ክብ ባትሪዎች አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲደክሙ ሌሎቹም አብረው ከሥራ ይወጣሉ። 18650 ተብሎ የሚጠራው ዓይነት ስሙ ልኩ ነው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ስለ ኤሌክትሪክ የማውቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተሳለውን ብቻ ነበርና አፌን ከፍቼ ነው የምሰማት። ግን «እኔም ልሞክር» ለምትሉ፣ ልጅቷ ራሷ ደጋግማ የምትለውን ልንገራችሁ። አንዱ ባትሪ ሲሞላ ከ4.2 ቮልት ማለፍ የለበትም፤ መከላከያ ሰሌዳ ሳይገባለት ቻርጅ አይደረግም፤ ያበጠ ወይም የተቀጠቀጠ ከሆነ አይነካም። ሲነድ እንደ ሻማ አይደለም፤ ይፈነዳል።

ዕቃውን ከየት ያመጡታል ብትሉ ምናለሽ ተራ ነው መልሱ። የመርካቶው ምናለሽ ተራ ስሙ ራሱ ወሬ ነው፤ «ምን አለሽ?» እያለ በየደጁ ከሚጠይቀው ቆራሌ ጋር ያለውን ዝምድና ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። እዚያ ሄዶ አሮጌ ሞርሳ ማግኘት ለእነዚህ ሰዎች የሎተሪ ያህል ነው። ሞርሳ ካልኩ አይቀር፣ የዚያች ሰርቪስ ቤት ቋንቋ ግማሹ ከጣሊያን የመጣ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ... ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ ቃሉ ግን ከመሣሪያው ሣጥን አልወጣም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በዕቃ ወሬ ውስጥ ስንት ነገር እንደሚያልፍ የገባኝ በአስተማሪው ነው። ይሠራቸው የነበሩት በርጩማዎች ሁለት ነበሩ፤ ከእጮኛው ጋር ለሚመሠርቱት ጎጆ። አንድ ቅዳሜ «ሁለተኛውስ የት ደረሰ?» ሲባል «ሁለተኛው ይቅር» አለ። በቃ። ማንም «ምን ሆናችሁ?» አላለም። ጋሼ ብቻ ዝም ብለው የብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው ሰጡትና «እንግዲያው ያችን አንዷን አሳምራት» አሉት። እስኪመሽ ሲፈትግ አመሸ። እኔ ብሆን በጥያቄ አጣድፈው ነበር። እነሱ ግን ተግባቡ።

ታዲያ እዚያ ቤት እንዲህ የሚሠራው ቋንቋ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ለምን ድዳ ይሆናል? የባንክ ሠራተኛው ነገር ይኸው ነው።

የባንክ ሠራተኛው የሬዲዮ ሰው ነው። ቤቱ ስትገቡ ከአልጋው ሥር እስከ ቁም ሳጥኑ ጫፍ ሬዲዮ ነው አሉ። የሚስቱ እናት በአንድ በዓል ቀን አይተው «ባንክ የሚሠራ ሰው እንደ ቀጥቃጭ ብረት ለብረት ሲያጋጭ ይዋል?» ማለታቸው በሰፈሩ ይታወቃል። (ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጁን ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አማቶች ጆሮ ገና አልደረሰም መሰለኝ።) ሚስቱ ግን እንዲህ ያለ ስድብ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። የችሎው ሰው ናት። በመሐል ግን የአባቷ ሬዲዮ መጣ።

አባቷ ካረፉ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ሬዲዮናቸው በእንጨት ሣጥን ያለ፣ ከፊቱ መስታወት ያለው፣ የድሮ ትልቅ ሬዲዮ ነው። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን የሚሰሙበት እሱ ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ማንም አልከፈተውም። ባልየው ግን አንድ ቀን ሞክሮት ኖሯል፤ ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ ይንቋቋል። እንግዲህ ለነካኪ ሰው ይህ ግብዣ ነው። ፈታው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። «የሚያጉረመርመው ከምን ነው?» «ካፓሲተሩ ደርቆ ነው፤ አሮጌ ሬዲዮ ሁሉ በሽታው እሱ ነው።» «የሚንቋቋውስ?» «ድምፅ መጨመሪያው ውስጥ አቧራ ገብቶ ነው፤ ይጸዳል።» «የጣቢያ መፈለጊያው ክርስ?» «ተበጥሶ ነበር፤ ቀየርኩት።» አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። ሁሉም አዋቂ፣ ሁሉም ሐሳብ ሰጪ። «ሬዲዮኑ የማን ነው?» ያለ ሰው ግን አልነበረም።

እናላችሁ አንድ ቅዳሜ በሩ ተከፈተና ሚስትየዋ ገባች። ነጠላዋን እንዳጣፋች ናት። ጋሼን ዝቅ ብላ ሰላም አለች፤ ጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን አየች፤ ከዚያ ባሏን ቀና ብላ አየችውና፣

«የፈታኸው ሬዲዮኑን ነው ወይስ እኔን? እሱን ንገረኝና እኔም የምሰበስበውን ልሰብስብ» አለችው።

ቢላ የሚስለው ሾፌር እንኳ እጁን አቆመ።

ባልየው ቀይ ሆነ። «ለአባባ ሙት ዓመት አድርሼ ላስገርምሽ ብዬ እኮ ነው! ዕለቱን እንዲሰማ... የጀርመን ድምፅ ላይ አድርጌ...» እያለ ተንተባተበ። እውነቱን ነበር። እኛም ይህን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነው፤ በአራት ወር ወሬ ውስጥ ለምን እንደሚሠራው አንድ ቀን አልነገረንም።

እሷ ግን የመስታወቱን ቀይ መርፌ ነው የምታየው። «መርፌው የት ነበር?» አለችው።

«ክሩን ለመቀየር እስከ ጫፍ መዞር ነበረበት። ጣቢያውን እኔ አገኝልሻለሁ፤ ምን ችግር አለው?»

«ጣቢያውን አይደለም» አለች። «አባዬ በእጁ ያቆመበትን ነው።»

ይህን የሚመልስ ካፓሲተር ምናለሽ ተራ አይገኝም። ባልየው ቁጭ አለ። ጋሼ ተነሥተው ጠረጴዛውን በእጃቸው ጠረጉና ሚስትየዋን «ልጄ፣ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የቤቱ ትልቅ እኔ ነኝ» አሏት። እሷም አለቀሰች። ያን ቀን ማንም ምንም ሳይሠራ ተበተነ።

እኔ በበኩሌ ከሚስትየዋ ጋር ነኝ፤ ይህን በግልጽ ጽፌ ልለፍ። የባልየው ሐሳብ ፍቅር ነው፤ አልክድም። ግን የሚያስገርም ስጦታ የሚባል ነገር ለሰጪው እንጂ ለተቀባዩ ሁልጊዜ አይመችም። «አባባ ሬዲዮን ላሠራልሽ?» ብሎ መጠየቅ ስንት ሰኮንድ ይፈጃል? እሷም በዚያው ሰዓት «አሠራው፤ መርፌውን ግን አትንካብኝ» ትል ነበር። በሌላ በኩል እሷም አራት ወር ሙሉ «ዛሬ ምን ሠራህ?» ብላ አልጠየቀችውም። ራሷ ነግራኛለች፤ «ብጠይቀው ስለ ሊድ ያወራኛል» ብላ ነው። ደግሞ እውነቷን ነው፤ ያወራታል!

ሬዲዮኑ በኋላ ተገጠመ። ይሠራል፤ ድምፁም እንደ አዲስ ነው። በሙት ዓመቱ ዕለት ግን አልተከፈተም። መኝታ ቤት ተቀምጧል፤ ከሶኬቱ ተነቅሏል። መርፌውን ማንም አላዞረውም። እሷም «ጊዜው ሲደርስ ራሴ አዞረዋለሁ» አለች እንጂ ሌላ አላለችም። ይቅር ብላዋለች ወይ ብትሉኝ፣ አብረው ናቸው፤ ከዚህ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሰርቪስ ቤቷ ግን ሕግ አወጣች። አሁን የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ወረቀት ይለጠፋል። «የት ደረሰ?» ከመባሉ በፊት «ባለቤቱ ያውቃል?» ይባላል። ከመፈታቱ በፊት በሞባይል ፎቶ ይነሣል፤ ማዞሪያው የት እንደቆመ፣ ሽቦው ከየት ወዴት እንደሚሄድ እንዲታይ። ብሎኖቹ እንቁላል መያዣ ካርቶን ውስጥ በተራ ይቀመጣሉ። አንዱ ሳይገጠም ሌላው አይፈታም፤ ይቺ እንኳ በየሳምንቱ ትጣሳለች።

የጋሼ የድሮ ሕግ ደግሞ እንዳለ ነው፤ እናንተም ብትወስዱት አትጎዱም። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው፤ ሰው ለመግደል ይበቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀላል። የግድ መብራት እያለ መለካት ካለበት ሰውየው አንድ እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በደረት በኩል እንዳያልፍ። ባለ ትልቅ ጀርባው የድሮ ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ግን ከሶኬት ተነቅለውም ውስጣቸው የተጠራቀመ ኃይል ስለሚይዙ ለጀማሪ የተከለከሉ ናቸው። ጋሼ አርባ ዓመት ሠርተው ማይክሮዌቭ ሲመጣላቸው «ውሰዱልኝ» ይላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ የባንክ ሠራተኛው ከእንጨት ጋር ነበር። ሬዲዮ አልነበረም፤ የዋንዛ ጣውላ ነው። አስተማሪው መላጊያ እያስያዘው ነበር።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሼልፍ። ሬዲዮኑ የሚቀመጥበት። ልኩን ራሷ ናት የለካችው።»

«የት ደረሰ?»

«ሁለተኛ ቫርኒሽ ይቀረዋል። ቀለሙ ግን ጠቆር ይበል ብላለች፤ እኔ ደግሞ የዋንዛው ቀለም እንዳለ ቢሆን...»

«እሷ እንዳለችው አርገው!» አሉ ጋሼ ከጥግ።