ደጋግሞ የሚመለሰው የብልት ፈንገስ፡ መድኃኒቱ ለምን አልሠራም?

በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ፣ በቡጎሎቢም ሆነ በሌሎች ሰፈሮች፣ የብልት ማሳከክና ማቃጠል ያስቸገራት ሴት ቀድማ የምታመራው ብዙውን ጊዜ ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የፍሉኮናዞል እንክብል ወይም የክሎትሪማዞል ቅባት ገዝታ ትመለሳለች። ሕመሙ ለቀናት ጋብ ይልና ያገረሻል፤ እርሷም ያንኑ መድኃኒት ደግማ ትገዛለች።

ከአራት ሴቶች ሦስቱ በሕይወት ዘመናቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በዚህ ፈንገስ እንደሚያዙ ይገመታል። በዓመት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ሲመላለስ ግን ሕክምናው የተለየ ክትትል ይሻል።

በእርግጥ ፈንገስ ነው?

መድኃኒቱ ካልሠራ ቀዳሚው ጥያቄ ይህ ነው። አይብ የሚመስል ነጭ ፈሳሽና ማሳከክ የካንዲዳ ፈንገስ የተለመዱ ምልክቶች ናቸው። የዓሣ ዓይነት ሽታ ያለው ስስ ፈሳሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የብልት ባክቴሪያዎች ሚዛን መዛባትን ያመለክታል። ትሪኮሞናስ የተባለው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው ተውሳክም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ይችላል። ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ሁለቱንም አያክምም።

በኡጋንዳም ሆነ በኢትዮጵያ ብዙ የጤና ተቋማት ምልክትን ብቻ ተመርኩዘው ያክማሉ። ለተመላላሽ ሕመም ግን የፈሳሹ ናሙና በማይክሮስኮፕ መታየቱና በላቦራቶሪ ተራብቶ የፈንገሱ ዝርያ መለየቱ ወሳኝ ነው።

ዝርያው መድኃኒቱን ይወስናል

አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ካንዲዳ አልቢካንስ ከተባለው ዝርያ ነው። ይህ ሲመላለስ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ 150 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል በየሦስት ቀኑ ሦስት ጊዜ፣ ቀጥሎም በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ወራት ያዝዛሉ። ከዚያ በኋላም በብዙ ሴቶች ላይ ሊመለስ ይችላል።

ካንዲዳ ግላብራታ የተሰኘው ዝርያ ደግሞ ለፍሉኮናዞል እምብዛም አይበገርም። ለእርሱ በብልት ውስጥ የሚቀመጥ 600 ሚሊ ግራም የቦሪክ አሲድ እንክብል በቀን አንድ፣ ለሦስት ሳምንታት ሊታዘዝ ይችላል። እንክብሉ ከተዋጠ መርዝ ነው፤ ለነፍሰ ጡሮችም አይሰጥም። ነፍሰ ጡር ሴት የሚዋጥ ፍሉኮናዞልንም በራሷ ውሳኔ መውሰድ የለባትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በጥቅምት 2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም ዝርያዎች ተካተዋል። ፀረ ፈንገስ መድኃኒትን ያለ ምርመራ ደጋግሞ መውሰድ የመላመድን አደጋ ያባብሳል።

ከጀርባው ያለው ሕመም

ተመላላሽ ፈንገስ አንዳንዴ ያልታወቀ የስኳር በሽታ ወይም የኤችአይቪ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን መመርመር ይመከራል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን በመግደል ለፈንገሱ መንገድ ይከፍታሉ። የብልትን ውስጠኛ ክፍል በሳሙና ወይም በሽቶ መታጠብ ደግሞ ቁጣውን ያብሳል።

ሕመሙ የንጽሕና ጉድለት ወይም የመማገጥ ማስረጃ አይደለም። ብዙዎችን ከሐኪም የሚያርቀው ግን ይኸው ኀፍረት ነው። ሌላ እንክብል ከመግዛት በፊት መመርመር የተሻለ ሲሆን፣ ትኩሳት፣ የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ካለ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።