በካርቱም የተተከሉ ቤተ መቅደሶችና የጥንት ሕንፃ አጠባበቅ

ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት በካርቱም ከተማ፤ በሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዘክር የአትክልት ስፍራ፤ ከሩቅ አገር መጥተው የተተከሉ የድንጋይ ቤተ መቅደሶች ይገኛሉ። የታነጹት ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በኑብያ ምድር ሲሆን፤ ወደ ካርቱም የመጡት ውሃ ሸሽተው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግብፅ በአስዋን ታላቁን ግድብ ለመሥራት በተነሣች ጊዜ፤ የሚጠራቀመው ውሃ የዋዲ ሐልፋን ከተማና በዙሪያዋ ያለውን የሱዳን ምድር የሚያሰጥም መሆኑ ታወቀ። ሕዝቡ የተከዜ ውሃ ወደሚወርድበት ወደ አትባራ ወንዝ ዳር፤ ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ እንዲዛወር ተደረገ። ለጥንቱ ሕንፃ ደግሞ ዩኔስኮ በ1960 ለመንግሥታት ሁሉ የርዳታ ጥሪ አቀረበ። ጀርመናዊው የሕንፃ ባለሙያ ፍሪድሪክ ሂንክል የቡሄንን፤ የሰምናንና የኩማን ቤተ መቅደሶች የማፍረሱንና የማጓጓዙን ሥራ መራ። እያንዳንዱ ድንጋይ አስቀድሞ ተለክቶ፤ በንድፍ ተስሎና ቁጥር ተሰጥቶት ከተነሣ በኋላ፤ በካርቱም በቀድሞ ተራው ተደረደረ። በፋራስ ካቴድራል ደግሞ በፕሮፌሰር ሚካሎቭስኪ የሚመራው የፖላንድ ጓድ የክርስቲያን ኑብያን የግድግዳ ሥዕሎች ከነልስናቸው እየላጠ አወጣ፤ እነርሱም ለካርቱምና ለዋርሶ ተካፈሉ። ቤተ መዘክሩም በ1971 ተከፈተ።

የሚያስደንቀው፤ ይህ ሥራ በሚካሄድበት በ1964 ዓ.ም. የዓለም ባለሙያዎች በቬኒስ ተሰብስበው የጥንት ሕንፃ ከቆመበት ስፍራ መነሣት እንደማይገባው መወሰናቸው ነው። ሕንፃው ከታሪኩና ከአካባቢው ጋራ አንድ ነውና፤ ጥበቃው ግድ ካላለ በቀር አይዛወርም፤ እድሳትም ግምት በሚጀምርበት ስፍራ ሊቆም ይገባል። የኑብያ ነገር ግን ግድ ካለው ወገን ነበር። ሆኖም መዛወሩ ራሱ አዲስ ችግር አመጣ፤ ዝናብ በማያውቅ አገር የኖረ ድንጋይ ክረምት ባለበት ከተማ በመተከሉ መጠለያ አስፈለገው።

በቋንቋችን «ማደስ» ስንል አዲስ ማስመሰል ይመስለናል። ሕንፃን መጠበቅ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ይኸውም ያረጀው አርጅቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ይህም የዘወትር ሥራ ይጠይቃል። በሱዋኪን ደሴት ከኮራል ድንጋይ የተሠሩት የነጋዴዎች ቤቶች በየጊዜው በኖራ ይለሰኑ ነበር። የፖርት ሱዳን ወደብ በ1909 ተከፍቶ ንግዱ ወደዚያ ሲዞር፤ ነዋሪው ጥሏቸው ሄደና ፈራረሱ። በ1990 ጦርነት የኮራል ቤቶቿ ለተጎዱባት ለምጽዋም ይህ ምሳሌ ሩቅ አይደለም።

ከውሃ የዳነው ቅርስ ግን ከሰው እጅ አላመለጠም። በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሥቶ ቤተ መዘክሩ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀ። ሠራዊቱ በመጋቢት 2025 ማዕከላዊውን የከተማ ክፍል መልሶ ሲይዝ፤ ብዙ ዕቃ ተዘርፎ፤ ግምጃ ቤቶቹም ተራቁተው ተገኙ። የቀሩት በተለይ ከክብደታቸው የተነሣ ሊወሰዱ ያልቻሉት ድንጋዮች ናቸው።

እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሁለት ወገን ነው። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው በግዛቱ ያለውን የጥንት ሕንፃና ዕቃ በሰላሙ ጊዜ በልክ፤ በንድፍና በፎቶግራፍ አስመዝግቦ፤ የመዝገቡንም ግልባጭ በሌላ ስፍራ ማኖር ይገባዋል። የተሰረቀ ዕቃ በባዕድ ገበያ ሲገኝ ባለቤትነቱን ለማስረዳት ዋናው ምስክር ይህ መዝገብ ነውና። ነጋዴም ምንጩ ያልታወቀ የጥንት ዕቃ ሲቀርብለት አልገዛም ቢል፤ ዘራፊው ለድካሙ ዋጋ አያገኝም። የሂንክል ሠራተኞች በየድንጋዩ ላይ የጻፉት ቁጥር ቤተ መቅደሶቹን እንደ ገና ለማቆም አስችሏል፤ ለተበተነውም ሀብት መመለሻ የሚሆነው ይኸው ትጋት ነው።