በእሳት የሚያቀዘቅዘው ፍሪጅ

ሰሜን አሜሪካ በበረዶ ሲሸፈን ብዙ ጡረተኞች ቤታቸውን ቆልፈው ወደ ደቡብ ይነዳሉ። ከሚሰፍሩባቸው ቦታዎች አንዷ አሪዞና በረሃ ውስጥ ያለችው ኳርትዛይት ናት። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 2,400 ገደማ ነበሩ፤ በብርዱ ወራት ግን ዙሪያዋ ያለው ሜዳ ዓይን እስኪደክም በአርቪ ይሞላል። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ፣ ከፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ፈቃድ ያወጣ ሰው እዚያ ወራት መክረም ይችላል። በየማረፊያው መብራት የለም፤ ውሃም ከአንድ ቦታ ተቀድቶ ነው የሚመጣው። ከተማዋ የምትኮራበት ሐውልት ራሱ የተጓዥ መቃብር ነው። የአሜሪካ ጦር ግመሎችን ለመሞከር በ1856 ያስመጣው፣ አሜሪካኖች ስሙን «ሃይ ጆሊ» ያሉት ሐጂ ዓሊ በ1902 እዚያው ሞቶ ተቀብሯል። በመቃብሩ ላይ የድንጋይ ፒራሚድ፣ በፒራሚዱ ጫፍ ላይ ግመል ቆሟል።

አርቪ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሽንት ቤትና የውሃ ታንከር ያለው ተሽከርካሪ ነው፤ አንዳንዱ የራሱ ሞተር አለው፣ አንዳንዱ በፒክአፕ ይጎተታል። ስለ ሶፋውና ስለ ቴሌቪዥኑ ሻጮቹ እስኪሰለች ይናገራሉ። ማንም የማያወራለት ፍሪጁ ነው።

ከሚኒሶታ የመጡ ባልና ሚስት በዚያ ሜዳ ሰፍረዋል፤ ሚስትየው መምህርት፣ ባልየው ፖስታ አዳይ ነበሩ። ማለዳ ተነሥተው ከከተማዋ በስተደቡብ ወዳለው ኮፋ የዱር እንስሳት መጠለያ ይሄዳሉ። እዚያ በሁለት ገደሎች መካከል ባለ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ የዱር ዘንባባዎች በቅለዋል፤ መንገዱ አጭር ቢሆንም ድንጋያማ ነው። ከውሃው ጋር ጨው ያለው ለውዝ ይይዛሉ፤ ልክም ናቸው። በረሃ ላይ ላቡን በውሃ ብቻ የሚተካ ሰው የደሙ ጨው ቀጥኖ ሊወድቅ ይችላል። ሲመለሱ ባልየው ፍሪጁን ከፍቶ በረዶ ያወጣል። ጄኔሬተር አይጮኽም፣ ኮምፕሬሰር አያጓራም። ከፍሪጁ ጀርባ፣ በውጪው መስኮት ወንፊት በኩል፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ሰማያዊ ነበልባል ትታያለች። በረዶውን የሠራችው እሷ ናት።

ይህን ዘዴ በ1922 የፈለሰፉት ሁለት የስዊድን ተማሪዎች፣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ ስቶክሆልም ውስጥ ነው፤ ኋላም ኤሌክትሮሉክስ ገዛው። አልበርት አይንስታይን ሳይቀር ከሊዮ ዚላርድ ጋር ሆኖ በ1930 ተንቀሳቃሽ አካል ለሌለው ፍሪጅ የአሜሪካ ፓተንት አግኝቷል። በኢትዮጵያ ገጠር ጤና ጣቢያ የሠራ ሰውም ዘመዱን ያውቀዋል፤ ክትባት ያቀዘቅዝ የነበረው የላምባ ፍሪጅ በዚሁ መንገድ ነበር የሚሠራው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በተበየደ ቧንቧ ውስጥ አሞኒያ፣ ውሃና ሃይድሮጂን ተዘግተዋል። ነበልባሉ አሞኒያና ውሃ የተደባለቁበትን ፈሳሽ ከታች ሲያፈላው፣ እንደ ጀበና ገንፍሎ በቀጭን ቧንቧ ሽቅብ ይወጣል። ውሃው ወደ ኋላ ሲቀር የአሞኒያው እንፋሎት ጣሪያው አጠገብ ደርሶ ሙቀቱን ለአየር ይሰጥና ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ወደ ፍሪጁ ሲወርድ ሃይድሮጂን ይጠብቀዋል፤ በሃይድሮጂኑ መካከል አሞኒያው በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል፣ ለመትነን የሚያስፈልገውንም ሙቀት ከወተቱና ከሥጋው ይወስዳል። ከዚያ ወደ ታች ወርዶ ውሃው መልሶ ይጠጣዋል፤ ሃይድሮጂኑ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይመለሳል። ፓምፕ የለም፣ የሚሽከረከር ነገር የለም። ሁሉንም የሚነዳው ሙቀትና ቁልቁለት ነው።

ሰው የሚስተው ይህን «ቁልቁለት» ነው። ፈሳሹ ወደ ማፍያው የሚመለሰው በራሱ ክብደት ስለሆነ ፍሪጁ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ብዙ አምራቾች ወደ ጎን 3፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ 6 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ብቻ ይፈቅዳሉ። መኪናው ሲሄድ ችግር የለም፤ መንገዱ ሲያወዛውዘው ፈሳሹ አንድ ቦታ አይጋደምም። አደጋው ቆሞ ማዘንበል ነው። ፈሳሹ ተኝቶ ሲቀር ማፍያው ይደርቃል፣ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ዝገት እንዲከላከል የተጨመረው ሶዲየም ክሮሜት ጠጥሮ ቧንቧውን ይደፍናል። የተደፈነ ቧንቧ ደግሞ አይጠረግም። ፍሪጁን አውርደው በአናቱ እየዘቀዘቁ የሚያናውጡ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዴ ለጊዜው ይሠራላቸዋል፣ ጉዳቱን ግን አይጠግንም።

በረሃ ላይ ይህ ስሕተት ብዙ አይፈጸምም። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ለጎደለው ጎማ ታኮ ይደረግለታል፣ ጡረተኞቹም ወለሉ ላይ ውሃ ልክ ሳያስቀምጡ ቡና አያፈሉም። ፍሪጁ የሚሞተው ዘመድ ጥየቃ ሲኬድ ነው! በአሜሪካ ሰፈሮች ከጋራዥ ወደ አስፋልት የሚወርደው የመኪና መግቢያ የዝናብ ውሃ እንዲፈስ ተዳፍቶ ነው የሚሠራው። አያቶች ሌሊቱን ነድተው ይደርሳሉ፣ የልጅ ልጆች በሩ ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ውሃ ልኩን ማን ያስታውሳል? የሚኒሶታዎቹ ባልና ሚስት ልጃቸውን ሊጠይቁ አልበከርኪ ገብተው እንዲሁ ሆኑ። በረሃው ያላበላሸባቸውን ሥጋ የልጃቸው ደጅ አበላሸባቸው።

«ከልጄ ቤት ገመድ ስቤ በኤሌክትሪክ ካደረግሁት ምን ችግር አለው?» የሚል ሰው ሞልቷል። ችግሩ ያው ነው። ኤሌክትሪክ የሚተካው ነበልባሉን ብቻ ነው፤ ቧንቧው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በምን እንደሚፈላ አያውቅም። በዚያው ተራ ሶኬት ላይ ኤርኮንዲሽነሩን ደርቦ ማስነሳት ደግሞ ብሬከር ይጥላል፣ ምራትም ያስቀይማል።

ሌሎች ጥፋቶችም አሉ፤ የማይታለፈው ነበልባሉን ሳያጠፉ ነዳጅ ማደያ መግባት ነው። ክፍት እሳት ይዞ ከቤንዚን ጎን መቆም ሞኝነት እንኳ አያሰኝም፣ ከዚያ ይብሳል። ተርብ ጋዙ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ጎጆ ስለሚሠራ ከጉዞ በፊት ማየት ያሻል። ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ ጥላሸት እየሠራ ነው። ከውስጥ የአሞኒያ ሽታ ከመጣ ወይም ከጀርባ ቢጫ ዱቄት ከታየ ማጥፋትና መስኮት መክፈት ነው፤ የፈሰሰው አሞኒያ ብቻ አይደለም፣ ሃይድሮጂንም አለበት፣ እሱም ይቀጣጠላል። በሞቃት ቀን ደግሞ የፍሪጁን ጎን ከፀሐይ አዙሮ ማቆም ይበጃል፤ ሙቀቱን የሚጥለው በዚያ በኩል ነው።

በአዳዲሶቹ አርቪዎች ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ ቦታውን እየወሰደ ነው። ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ ለማዘንበልም ያን ያህል አይጨነቅም፤ የልጅ ደጅ ላይ ለሚያድር ሰው ይሻላል። ግን ባትሪውን ሌትና ቀን ይበላል፣ ሰማዩ ለቀናት ከደመነ የሶላር ፓኔሉ ላይበቃው ይችላል። አሮጌው ለመቆጣጠሪያው ከምትሄድ ጥቂት ባትሪ በቀር በአንድ 20 ፓውንድ የጋዝ ሲሊንደር ሁለት ሳምንት ያህል ይዘልቃል። ባልና ሚስቱም የተበላሸውን በዚያው ዓይነት ተክተው፣ ከልጃቸው ጋራዥ በር ጎን ሁለት ወፍራም ጣውላ አስቀምጠዋል።