ቦል ጆይንት ለመለወጥ የሚያስፈልጉ መሣሪያዎችና አመራረጣቸው

መሣሪያ ለሠራተኛ ሁለተኛ እጁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የጋይንትን አገር ያለፉት መንገዱን በሰው እጅ እያስጠረጉ ነበር። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ መኪና ይመላለሳል። ነገር ግን ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ገጠር የሚገባ መኪና ከድንጋይና ከጉድጓድ ጋራ ሲታገል፣ ከሚጎዱበት ክፍሎች አንዱ ቦል ጆይንት ነው።

ቦል ጆይንት ምንድን ነው? የሰው የጭን አጥንት ራሱ ክብ ሆኖ በዳሌ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚዞር፣ ይህም በጽዋ መሰል ቤት ውስጥ የሚዞር የብረት ኳስ ነው። የፊቱን ጎማ የያዘውን ብረት ከመኪናው ክንድ ጋራ ያያይዛል። ኳሱን የሚሸፍነው ላስቲክ ከተቀደደ ጭቃና ውሃ ገብቶ ግራሶውን ያጥበዋል፤ ኳሱም ይበላል። በመጨረሻ ከቤቱ ቢወጣ ጎማው ይተኛል፣ መሪውም አይታዘዝም። ይህ በቁልቁለት ላይ ቢደርስ የሚያመጣው ጥፋት ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም።

እንግዲህ በቤቱ ደጅ ሊለውጥ የሚያስብ ሰው መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት አያያዙን ይመልከት። በብሎን የታሰረ ከሆነ ቁልፍና ማላቀቂያ ይበቃዋል። በክንዱ ቀዳዳ ውስጥ በግፊት የገባ ከሆነ ግን ፕሬስ ያስፈልጋል። ለአንድ ቀን ሥራ ፕሬስ መግዛት ስለማያዋጣ ክንዱን ፈትቶ ወደ ጋራዥ መውሰድ ይሻላል። ከክንዱ ጋራ አንድ ሆኖ የተሠራም አለ፤ ያን ጊዜ የሚለወጠው ክንዱ በሙሉ ነው።

ሁለተኛው ማንሻው ነው። ክሪክ ያነሣል እንጂ ለመደገፊያ አይታመንም። ስለዚህ ሜዳ ቦታ ተመርጦ፣ የኋላ ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ተደርጎባቸው፣ ሻሲው በጠንካራ የብረት መደገፊያ ላይ ይረፍ። ድንጋይና ጡብ ሊሰነጠቅ ይችላልና አይሁን። ሞላው የታችኛውን ክንድ የሚጫን ከሆነ፣ ቦል ጆይንቱ ከመለየቱ በፊት ሌላ ክሪክ ከክንዱ ሥር ይቁም። ይህ ካልተደረገ የታመቀው ሞላ ክንዱን በኃይል ያስፈነጥረዋል፤ እጅ ሊሰብር፣ ሰውም ሊገድል ይችላል።

ሦስተኛው ማላቀቂያው ነው። የቦል ጆይንቱ እግር ሾጣጣ ስለሆነ ዳዶው ቢፈታም በቀላሉ አይወጣም። ለዚህ ሁለት ዓይነት መሣሪያ አለ። አንደኛው በመዶሻ የሚመታ ባለ ሁለት ጣት ሹካ ነው፤ ሁለተኛው ብሎኑ ሲጠብቅ የሚገፋ ማላቀቂያ ነው። በፊዚክስ እንደተማርነው ሹካው ሽብልቅ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ላስቲክ ስለሚቀድድ ለሚጣለው አሮጌ ክፍል እንጂ ተመልሶ ለሚገባው አይሆንም። ባለ ብሎኑ ግን ቀስ በቀስ እየገፋ ያለ ጉዳት ያወጣዋል። አንዱን ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ይህን ቢመርጥ ይጠቀማል። ዳዶውንም ጨርሶ ሳያወጡ በጥቂት ጥርስ መተው መልካም ነው፤ እግሩ ድንገት ሲላቀቅ ይይዘዋልና።

አራተኛው ቁልፍ ነው። ለጃፓን መኪኖች በሚሊሜትር የተለካ ባለ 6 ማዕዘን ቡሶላ ይመረጣል፤ ባለ 12 ማዕዘኑ የዛገ ዳዶን ጠርዝ ቶሎ ሊበላ ይችላል። የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍም መዋስ ይገባል፤ መጠኑ በመኪናው የጥገና መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ አዲስ ይሁን፤ ቀዳዳው ባይገጥም ዳዶውን ጥቂት መጨመር እንጂ ማላላት አይገባም። ከሥራው በኋላም የጎማው አቀማመጥ በጋራዥ ይለካ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። መኪና ውስጥ የሚፈሰው ግን እህል አይደለም፤ የሰው ሕይወት ስለሆነ ተመልሶ አይለቀምም። ስለዚህ ተገቢው መሣሪያ የሌለው ሰው ሥራውን ለባለሙያ ቢተው ፈሪ አይባልም፤ አስተዋይ ይባላል እንጂ።