«ኤል ሄፌ»፦ ሳቅና ደም የተገናኙበት የቴሌቪዥን ክፍል

«ኤል ሄፌ» እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2015፣ አሜሪካውያን ሃሎዊን ብለው በሚያከብሩት ዕለት፣ ስታርዝ በተባለው የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ የተላለፈ ሲሆን፣ «አሽ ቨርሰስ ኢቭል ዴድ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ተከታታዩ የሚመደበው ኮሜዲ ሆረር በሚባለው፣ ማስፈራትንና ማሳቅን በአንድ ታሪክ አጣምሮ በሚይዘው ዘርፍ ቢሆንም፣ የዚህ ክፍል ልዩ ጠባይ የሚመነጨው ከሁለት ስልቶች ነው። አንደኛው ስላፕስቲክ፣ ማለትም ሳቁን ከንግግር ይልቅ ከመውደቅ፣ ከመጋጨትና ከመመታት የሚያወጣ የኮሜዲ ስልት ነው፤ ሁለተኛው ጎር የሚባለው፣ የደም መፍሰስንና የአካል መቆረጥን ሳይሸፍን የሚያሳይ የሆረር ስልት ነው።

የሁለቱ ጋብቻ በቴሌቪዥን አልተጀመረም። የክፍሉ ዳይሬክተር ሳም ሬይሚና መሪ ተዋናዩ ብሩስ ካምቤል በሚሺጋን ግዛት ከወጣትነታቸው ጀምሮ አብረው አጫጭር ፊልሞችን የሠሩ ጓደኛሞች ሲሆኑ፣ በጥፊና በጡጫ ቀልድ የታወቁት «ሦስቱ ስቱጆች» አድናቂዎችም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1981 ለእይታ የበቃው፣ የተከታታዩ መነሻ የሆነው የመጀመሪያው «ኢቭል ዴድ» በአመዛኙ አስፈሪ ፊልም ነበር፤ በ1987 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ግን ርኩስ መንፈስ የሰፈረበት፣ ካምቤል የሚጫወተው የጀግናው የአሽ ቀኝ እጅ የገዛ ባለቤቱን በሸክላ ሳህን እየደበደበ ሲያስቸግረው፣ አሽም እጁን በሞተር መጋዝ ሲቆርጠው፣ ተመልካቹ መሸሽና መሳቅ በአንድ ጊዜ ያሰኘዋል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ፣ «ኤል ሄፌ»ም ጭምር፣ የዚህ ትዕይንት ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክፍሉ የሚከፈተው አሁን ዕድሜው የገፋው አሽ ቦርጩን በቆዳ መታጠቂያ እንደምንም ሲያስርና የእንጨት እጁን ሲገጥም በማሳየት ነው። ይህ ሰው በአንድ መደብር ሠራተኛ ሆኖ በተጎታች ቤት የሚኖር፣ እጁን ያጣበትን ምክንያት ለሴቶች እያሳመረ የሚዋሽ ጉረኛ ሲሆን፣ ጥፋቱንም የሚያመጣው ራሱ ነው፤ አንዲትን ሴት ለመማረክ በማሪዋና ስካር ከተከለከለው መጽሐፍ፣ ከ«ኔክሮኖሚኮን»፣ በማንበቡ ርኩሳን መናፍስቱን ይቀሰቅሳል። የክፍሉ ርዕስ፣ በስፓኒሽ «አለቃው» ማለት ሲሆን፣ የሥራ ባልደረባው ፓብሎ ክፋትን ይጋፈጣል ተብሎ ከሚጠበቀው ሰው ታሪክ ጋር ያያይዘዋል፤ በዚህ ትልቅ ስምና በዚያ መታጠቂያ መካከል ያለው ርቀት የሳቁ ዋና ምንጭ ነው።

ስላፕስቲክና ጎር እንዲህ ሊስማሙ የቻሉት ሁለቱም በአንድ ሕግ፣ ይኸውም በጊዜ ልኬት፣ ስለሚገዙ ነው፤ ዝምታው ሲረዝም ተመልካቹ ምቱን ይጠብቃል፣ ምቱ ግን ከጠበቀበት ቅጽበት ትንሽ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ መጮህ ወይም መሳቅ የሚወሰነው በመጠን ነው። እውነተኛ ቁስል ሊያወጣ የሚችለውን ያህል ደም ሲፈስ ሰው ያዝናል፣ ይሰቀቃል፤ ደሙ ከዚያ እጅግ አልፎ የጀግናውን ፊት ሲያለብሰው ግን ሥቃዩ ከእውነታ ይላቀቅና ሳቅ ቦታውን ይወስዳል። በመደብሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ አሻንጉሊት ነፍስ ዘርታ አሽን ስታጠቃው የሚታየው ይኸው ነው፤ ጠላቲቱ እጅግ ትንሽ፣ ትግሉ ግን እጅግ ከባድ ነው።

ሬይሚ ሳቁን በየቦታው አለመበተኑ ሊደነቅ ይገባል። የፖሊስ መርማሪዋ አማንዳ ፊሸር ከባልደረባዋ ጋር ወደ አንድ ባዶ ቤት የምትገባበት ትዕይንት ቀልድ የለበትም ለማለት ይቻላል፤ ባልደረባዋ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የአጋዘን ቀንድ ተወግቶ ሲሞት አደጋው እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ያለዚያም በመጨረሻ የሞተር መጋዙ በአየር ላይ ተወርውሮ ከአሽ ጉንድሽ ክንድ ጋር ሲገጥም የሚሰማው ደስታ ባዶ ትርኢት በሆነ ነበር። ተከታታዩ ከዚያ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ ክፍሎች ቀጥሎ፣ በሦስት ምዕራፎች 30 ክፍሎችን አስቆጥሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ተጠናቋል፤ ለፍርሃቱ እንዲህ ሰፊ ጊዜ የሰጠው ግን ከሌሎቹ የሚረዝመው ይህ የመጀመሪያው ክፍል ነው።