ከባድ ፎቶ፣ ቀላል ቅጂ፦ የቤተሰብ ፎቶግራፎች ለድረ ገጽ እንዴት ይታመቃሉ?

እ.ኤ.አ. በ1878 የተቆረቆረችው ፔታህ ቲክቫ ከኢትዮጵያ የሄዱ በርካታ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች አንዷ ናት። የከተማዋ የቀድሞ ሰነዶችና ፎቶግራፎች በኦዴድ ያርኮኒ ስም በተሰየመው ቤተ መዛግብት ሲጠበቁ፣ ከጎንደርና ከትግራይ የመጡት ቤተሰቦች ፎቶግራፎች ግን በአብዛኛው የሚገኙት በየቤቱ አልበም ውስጥ ነው። ቁጥራቸውም ብዙ አይደለም፤ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ የገባው ሰው ወደ ሱዳን በእግሩ የተጓዘ ነበር፤ በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ከተጓጓዘው ከ14 ሺህ በላይ ሕዝብም አብዛኛው ጓዙን ትቶ የተሳፈረ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ከዚያ ዘመን የተረፈ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ውድ ነው፤ በስካነር ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ዘመድ ሁሉ በሚያየው ድረ ገጽ ላይ ማውጣትም ሊበረታታ የሚገባው ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ስካነሩ የሚሰጠው ፋይል እንዳለ ለድረ ገጽ የሚሆን አይደለም።

ምክንያቱን ለመረዳት ኮምፒውተር ምስልን እንዴት እንደሚያስቀምጥ ማየት ያስፈልጋል። ምስል ፒክሰል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች የተሠራ ሲሆን፣ ያልታመቀ ፋይል ለእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት፣ ማለትም ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ ቁጥር ይመዘግባል። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ሆኖ ስካን ሲደረግ 2362 በ3543 ያህል ነጥብ ስለሚኖረው፣ ቢኤምፒ በተባለው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ የምስል ዓይነት ሲቀመጥ 25 ሜጋባይት ገደማ ይመዝናል። ፎቶው የሠርግ ግርግር ቢሆን ወይም ባዶ ነጭ ግድግዳ፣ ልኩ እስካልተለወጠ ድረስ ክብደቱ አይለወጥም። እንዲህ ያሉ 20 ፎቶግራፎች የተደረደሩበት አንድ ገጽ 500 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው፤ በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ገጹን እስከ መጨረሻው ለመክፈት ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

ይህን ሸክም የሚሸከመው ፎቶውን ያወጣው ሰው ሳይሆን ተመልካቹ ነው። ፔታህ ቲክቫ ተቀምጦ በፈጣን የቤት ኢንተርኔት የሚሠራ ወጣት ገጹ ቶሎ ስለሚከፈትለት ችግሩን ላያየው ይችላል፤ ጎንደር ያለችው አክስቱ ግን በሜጋባይት ተቆጥሮ በሚሸጥ የሞባይል ጥቅል ስትከፍተው ፎቶው ግማሽ ሳይደርስ ጥቅሉ ያልቃል። ምስልን ሳያመቁ ማውጣት ስለዚህ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ የሚታለፍ ሳይሆን ዘመድን ያላገናዘበ ሥራ ነው።

የማመቅ ጥበብ ከዋና ዋና ምንጮቹ አንዱ እዚያው እስራኤል ውስጥ ነው። በሃይፋ ቴክኒዮን ያስተምሩ የነበሩት ያዕቆብ ዚቭና አብርሃም ለምፔል በ1977 እና በ1978 ያሳተሟቸው ሁለት ጥናቶች፣ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት ኤልዜድ ተብሎ ለሚጠራው የማመቂያ ዘዴ መሠረት ሆነዋል። ዘዴው አንድ ተከታታይ መረጃ ሲደጋገም እንደገና ከመጻፍ ይልቅ «ከዚህ በፊት እዚያ ቦታ የነበረውን፣ ይህን ያህል ርዝመት ወስደህ ድገም» የሚል አጭር መመሪያ ያስቀምጣል፤ የመዝሙር ደብተር አዝማቹን አንድ ጊዜ ጽፎ ከየአንጓው በኋላ «አዝ» ብሎ እንደሚያልፈው ማለት ነው። በዚህ መንገድ የታመቀ መረጃ ሲፈታ አንዲት ባይት እንኳ ስለማትጎድል ዘዴው «ጉድለት አልባ» ይባላል። በ1996 የወጣው ፒኤንጂ የተባለው የምስል ዓይነት የተመሠረተው በዚሁ በ1977ቱ ዘዴ ላይ ሲሆን፣ ዌብፒ የተባለው የዛሬው የምስል ዓይነትም በጉድለት አልባ መልኩ የእርሱን ዝርያ ይጠቀማል። ሁለቱ ሊቃውንት በ2023 በሁለት ወር ልዩነት ውስጥ ያረፉ ሲሆን፣ ሥራቸው ግን በየቀኑ በየስልኩ ውስጥ ይሠራል።

ሁለተኛው ዓይነት ማመቅ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር እየጣለ የሚያሳንሰው፣ «ጉድለት ያለው» የሚባለው ነው፤ በ1992 መስፈርቱ የጸደቀው ጄፔግ በዚህ መንገድ የሚሠራ ሲሆን፣ ጉግል በመስከረም 2010 ይፋ ያደረገው ዌብፒም የተወለደው በዚሁ መንገድ፣ ለቪዲዮ ከተሠራ ቴክኖሎጂ ነው። ዌብፒ ምስሉን በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ፣ የእያንዳንዱን መልክ በላዩና በግራው ካሉት ጎረቤቶቹ አስቀድሞ ይገምትና በግምቱና በእውነተኛው መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ይመዘግባል። ሰማይ ወይም ግድግዳ ከጎረቤቱ ስለማይለይ ልዩነቱ ከምንም አይቆጠርም፤ የፊት መጨማደድና የሣር ዝርዝር ግን ብዙ ቦታ ይወስዳል። ጉግል ባደረገው ልኬት ይህ ዓይነቱ ዌብፒ ተመጣጣኝ ጥራት ካለው ጄፔግ ከ25 እስከ 34 በመቶ ያነሰ ነው። ከዌብፒ በኋላ በ2019 የወጣው ኤቪአይኤፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህም ያነሰ ፋይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ለማዘጋጀት ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ ያረጁ ስልኮችም አይከፍቱትም። ዌብፒን ግን በ2020 የአፕል ሳፋሪ ከተቀበለው ወዲህ ዋና ዋናዎቹ የድረ ገጽ ማሰሻዎች ሁሉ ስለሚከፍቱት ለቤተሰብና ለማኅበር ድረ ገጽ የተሻለው ምርጫ እርሱ ነው።

ለኢትዮጵያውያን ምስሎች ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጥለት ነው። የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ ብርሃንና ጥላን አጥርቶ ስለሚለይ፣ ጉድለት ያለው ዌብፒ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ነጥብ ሲመዘግብ ቀለሙን ግን ለአራት ነጥቦች አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ለመልክዓ ምድር ይህ አይታወቅም፤ በነጭ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ያለ ቀጭን ቀይና አረንጓዴ ጥለት ግን ወደ ነጩ ሊፈስና ሊደበዝዝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ፎቶ በከፍተኛ ጥራት ማስቀመጥና ውጤቱን አጉልቶ ማየት ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ፊደል ነው። በ2008 በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው የቤተ እስራኤል በዓል ሰግድ ሲቃረብ፣ ወይም ሠርግና ልቅሶ ሲኖር፣ የአማርኛ ማስታወቂያ በምስል መልክ ይሰራጫል። በጄፔግ ወይም ጉድለት ባለው ዌብፒ አብዝቶ የታመቀ ጽሑፍ በፊደላቱ ዙሪያ ብናኝ የመሰለ ነጠብጣብ ያወጣል፤ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው ደግሞ አንዲት አጭር ቅጥያ ስለሆነች፣ በትናንሽ ሆሄያት ላይ ብናኙ ንባቡን ያሳስታል። ጽሑፍ ያለበት ምስል በጉድለት አልባ ዌብፒ መቀመጥ አለበት፤ ከዚህ የሚሻለው ግን ጽሑፉን በምስል ሳይሆን በጽሑፍነቱ በገጹ ላይ መጻፍ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መስፈርት ውስጥ ስለሚገኝ፣ የተጻፈው በፍለጋ ይገኛል፣ ማየት ለተሳነው ሰውም በድምፅ ሊነበብ ይችላል።

ሥራውን ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። ጊምፕና ኢሜጅማጂክ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ቢኤምፒን ከፍተው በዌብፒ ያስቀምጣሉ፤ ስኩሽ የተባለው የጉግል ገጽም ምስሉን ወደ ሌላ ቦታ ሳይልክ በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ይለውጠዋል። የፋይሉን የመጨረሻ ፊደላት ከቢኤምፒ ወደ ዌብፒ መቀየር ስሙን እንጂ ይዘቱን ስለማይለውጥ አይረዳም። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ልኩ ይቀነስ፣ ቀጥሎ ይታመቅ። ስፋቱ ወደ 1600 ፒክሰል ዝቅ ብሎ በ80 የጥራት ደረጃ የተቀመጠ ፎቶ በአብዛኛው ከ400 ኪሎባይት አይበልጥም፤ ያ 500 ሜጋባይት የነበረ ገጽ ከ8 ሜጋባይት በታች ይወርዳል፣ በዚያው መስመርም በ13 ሰከንድ ገደማ ይከፈታል። በስልክ የተነሣ አዲስ ፎቶ ሲሆን ደግሞ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ የሚያሳይ ድብቅ መረጃ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ይህ መሰረዝ አለበት።

የታመቀው ግን ቅጂ ነው። ጉድለት ባለው መንገድ የተጣለ ዝርዝር ተመልሶ አይገኝም፤ የታመቀውን እንደገና ማመቅም ጉድለትን በጉድለት ላይ ይደርባል። ስለዚህ ከስካነሩ የወጣው ዋና ፋይል መቼም መሰረዝ የለበትም፤ ቢኤምፒ ስለ ምስሉ ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለው ዋናው ቲፍ በተባለው የምስል ዓይነት ቢቀመጥ ይመረጣል። በፔታህ ቲክቫም ሆነ በሌላ ከተማ የአባት የእናቱን ፎቶ ስካን የሚያደርግ ሁሉ ዋናውን ፋይል ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ያስቀምጥ፤ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎችና የመንደሩን ስምም፣ የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ጠይቆ ይጻፍበት።